ለሞዴል ባቡር መቆጣጠሪያ ሰርኪቶች የቱ አዳፕተር ይሻላል?

ባቡሩ ወደ ሌላ መስመር የተቀመጠ የሐዲድ መቀየሪያ ላይ ከኋላ በኩል ገባ እንበል። መንኮራኩሩ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛል፣ ሾርት ይሆናል፣ ለሐዲዱ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን፣ ቡስተሩም፣ ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቆርጣል። መፍትሔው መቀየሪያውን ወደ ትክክለኛው መስመር መመለስ ብቻ ነበር። ግን የመቀየሪያው ዲኮደር፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ መቀየሪያውን የሚያዞረው ካርድ፣ ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ከሐዲዱ ከሆነ እሱም አብሮ ጠፍቷል። ያለው አማራጭ ተነስቶ ከጠረጴዛው ማዶ መንጠራራትና ሎኮሞቲቩን በእጅ ማንሳት ነው። በዚህ መሀል ክርን ሲግናል ሰብሮ ይመለሳል።

በዲሲሲ፣ ማለትም ባቡርና መቀየሪያ በዲጂታል ትእዛዝ በሚነዱበት ዘዴ፣ ለዲኮደሮችና ለሲግናል ሰርኪቶች የብቻቸው ረዳት አዳፕተር የሚሰጣቸው በዋናነት ለዚህ ቀን ነው። የቡስተሩን አምፔር ለባቡሩ ብቻ መተው ተጨማሪ ጥቅም ነው። ሻጮች ግን አንድ ነገር አይነግሯችሁም፤ ዲኮደሩ ኃይሉን ከአዳፕተር ቢያገኝም ትእዛዙን የሚሰማው ከሐዲዱ ከሆነ ሾርት ሲፈጠር ይደነቁራል። ስለዚህ አዳፕተር ከመግዛታችሁ በፊት ዲኮደራችሁ ትእዛዝ በሌላ መንገድ መቀበሉን እዩ። እንደ ሎኮኔት ባለ የመቆጣጠሪያ ገመድ የሚሰሙ አሉ። የግፊት ቁልፍ ማስገቢያ ያላቸውም አሉ፤ ሐዲዱ ቢሞትም ቁልፉን ስትጫኑ መቀየሪያው ይዞራል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ለመቀየሪያዎቹ የራሳቸው ትንሽ ቡስተር ያስፈልጋቸዋል፤ አዳፕተር ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ስንት አምፔር?

መጀመሪያ ያላችሁን ዕቃ ቁጠሩ። ቶርቶይዝ የሚባለው የሰርኪትሮን ቀርፋፋ የመቀየሪያ ሞተር ጫፍ ደርሶ ቆሞ ሲይዝ በ12 ቮልት የሚበላው 16 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ሃያ ቢኖራችሁ 320 ሚሊአምፔር ማለት ነው፤ ኤችኦ በሚባለው የሞዴል መጠን የተሠራች አንድ ሎኮሞቲቭ ባዶ ባቡር ስትጎትት ከምትወስደው ብዙም አይርቅም። ኤልኢዲዎች በወረቀት ላይ 20 ሚሊአምፔር ቢባሉም ለሲግናል 5 ይበቃቸዋል፣ ከዚያ በላይ ዓይን ይወጋሉ። የዲኮደሩ ካርድ ራሱም ትንሽ ይወስዳል።

ሰርቮዎች፣ ማለትም በትእዛዝ ወደተባሉበት ቦታ ዞረው የሚቆሙ ትንንሽ ሞተሮች፣ ሌላ ጠባይ አላቸው። እንደ ኤስጂ90 ያለው ትንሹ ሰርቮ ሲቆም ምንም የማይበላ ይመስላል፤ ሲንቀሳቀስ 200 ሚሊአምፔር አካባቢ ይወስዳል፤ ዘንጉ ተጣብቆ ሲታገል ደግሞ ከ600 በላይ ይደርሳል። ስምንት ሰርቮ ያለው ካርድ ሲበራ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ስለሚወራጩ የአዳፕተሩ ቮልት ይወድቃል፤ ካርዱም ጠፍቶ ይነሳና እንደገና ያወራጫቸዋል። እንዲህ ያለ ማቆሚያ የሌለው ጭፈራ ካያችሁ ካርዱ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት፤ በመጀመሪያ 3 አምፔር የሚሰጥ የ5 ቮልት አዳፕተር ሞክሩ።

እንደ ፔኮ ፒኤል-10 ያሉት ባለ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) የመቀየሪያ ሞተሮች ከሁሉም የተለዩ ናቸው። ለአፍታ ብቻ ቢሠሩም በዚያች አፍታ ብዙ አምፔር ይጎትታሉ። ለእነሱ ትልቅ አዳፕተር ከመግዛት ይልቅ በካፓሲተር ኃይል አጠራቅሞ በአንዴ የሚለቅ ሰርኪት መሀል ማስገባት ይሻላል። ቁልፉ ተጣብቆ ቢቀር ካፓሲተሩ ባዶውን ይቀራል እንጂ ኮይሉ አይቃጠልም። እነዚህን ሞተሮች ከዲኮደሮቻችሁ ጋር በአንድ አዳፕተር አታስሩ፤ በተጫናችሁ ቁጥር ሌላው ሁሉ ብልጭ ድርግም ይላል።

ከድምሩ ላይ ግማሹን ያህል ጨምሩና ያ ነው የምትገዙት። “መሣሪያዬ 1 አምፔር ይላል፣ አዳፕተሩ 3 አምፔር ነው፣ ያቃጥልብኛል” የሚል ስጋት በጣም ይደጋገማል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ትልቅ ስለሆነ የወጥ ቤቱ ቧንቧ አይፈነዳም፤ መሣሪያውም የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። የሚገድለው ቮልት ነው። ይህ ግን ሁሉም ነገር ጤነኛ ሲሆን ነው። ቀጭን ሽቦ ሾርት ሲሆን የ1 አምፔሩ አዳፕተር ተንፈስ ብሎ ያቆማል፣ የ10 አምፔሩ ግን ሽቦው ልባሱ ቀልጦ እስኪጨስ ድረስ መስጠቱን ይቀጥላል። ትልቅ አምፔር የገዛ ሰው ፊውዝም መግዛት አለበት።

አማራጮቹ

መሳቢያ ውስጥ የሚገኘው የድሮ ከባድ ጥቁር አዳፕተር፣ ከሬዲዮ ወይም ከገመድ አልባ ስልክ የተረፈው፣ በነፃ ስለሚገኝ ያጓጓል። ውስጡ ትራንስፎርመር፣ አራት ዳዮድና አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው፤ ቮልቱን የሚቆጣጠር ምንም ነገር የለውም። ላዩ ላይ “12 ቮልት 500 ሚሊአምፔር” የሚለው ሙሉ 500 ሚሊአምፔር ሲጎተት ያለውን ነው። ጭነት ሳይኖረው በቴስተር ስትለኩት 16 ወይም 17 ቮልት ታያላችሁ። ለመብራት አምፖል ችግር የለውም። ለዲኮደር ግን መመሪያው ከፍተኛውን ቮልት ምን ያህል እንደሚል ሳታነቡ አትሰኩት። በክብደቱ ይታወቃል፤ የድንጋይ ያህል ከከበደ ትራንስፎርመር ነው፣ ከቀለለ ስዊቺንግ፣ ማለትም ቮልቱን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረው አዲሱ ዓይነት፣ ነው።

የድሮ ባቡር መቆጣጠሪያ ጀርባ ላይ ያለው የኤሲ መውጫም አለ፤ ብዙውን ጊዜ 16 ቮልት ነው። ለፔኮ ኮይሎች የተሠራ ያህል ይስማማል። ኤሌክትሮኒክስ ላይ ስታደርጉት ግን ሒሳቡን ሥሩ። 16 ቮልት ኤሲ በዳዮድና በካፓሲተር ዲሲ ሲሆን ጫፉ 22.6 ቮልት ነው፤ ዳዮዶቹ 1.4 ሲቀንሱ 21 ይተርፋል። ጭነቱ ሲቀል ትራንስፎርመሩ ከ16 በላይ ስለሚሰጥ ከዚያም ያልፋል። ካርዳችሁ ላይ 25 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር ካለ ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ 16 የተጻፈበት ከሆነ ራሱ ያብጥና ይፈነዳል። “ኤሲ ወይም ዲሲ ይቀበላል” የሚል ካርድ በዚህ መውጫ በደንብ ይሠራል፤ እንዲህ በማይል ካርድ ላይ ግን ሙከራ አታድርጉ።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ቀለል ያለውን፣ 12 ቮልት ዲሲ፣ 2 ወይም 3 አምፔር የሚለውን የተሸፈነ ስዊቺንግ አዳፕተር ነው። ጭነት ኖረውም አልኖረው ቮልቱ 12 አካባቢ ይቆያል። ሾርት ሲሆን ራሱን ያጠፋል፣ ሾርቱ ሲነሳ ይመለሳል። የ220 ቮልቱ መስመር ፕላስቲኩ ውስጥ ስለተዘጋ ልጅ ቢነካካውም አደጋው ትንሽ ነው። ከዋጋው ላይ ጥቂት ጨምራችሁ ዩኤል፣ ኢቲኤል ወይም በአውሮፓ ጂኤስ የሚል እውነተኛ የደህንነት ምልክት ያለበትን ግዙ። ርካሾቹ ላይ የሚያስፈራኝ ቮልታቸው አይደለም፤ በውስጥ የቤቱን መብራትና የ12 ቮልቱን መስመር የሚለየው ክፍተት ጠባብ መሆኑ ነው፤ እሱ ከውጭ አይታይም።

ሲገዛ የሚረሳው መሰኪያው ነው። አብዛኛው 5.5 በ2.1 ሚሊሜትር ነው፤ ከውጭ ሲያዩት መንትያ የሚመስለው 5.5 በ2.5ም አለ። የ2.5ቱ መሰኪያ 2.1 ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ ጠረጴዛው ሲነካ ኃይሉ ይቆራረጣል፤ እናንተም ዲኮደሩን ስትወቅሱ ታመሻላችሁ። መሀሉ ፖዘቲቭ መሆኑን ደግሞ ከአዳፕተሩ ላይ ካለው የክብ ሥዕል አንብቡ፣ ከዚያም በቴስተር አረጋግጡ። ዋልታው በተገለበጠ አዳፕተር ስንቱ ካርድ እንደሞተ የጥገና ባለሙያዎችን ጠይቁ።

ባለ ብረት ሳጥኑ ፓወር ሳፕላይ፣ ለምሳሌ የሚን ዌል ኤልአርኤስ-35-12፣ 12 ቮልት 3 አምፔር ይሰጣል፤ ትንሽ ብሎን አዙራችሁ ቮልቱን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። በጥራት ከተሸፈነው አዳፕተር አይተናነስም፣ ብዙዎቹንም ይበልጣል። ችግሩ የግድግዳው መብራት የሚታሰርበት ብሎን ገሃድ ላይ መሆኑ ነው። ከጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ሽቦ የሚጎትት ሰው እጁ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ፣ ፊውዝና የመሬት መስመር ሰጥታችሁ፣ ገመዱን በማጥበቂያ ይዛችሁ ከሆነ ጥሩ ነው። ይህን ለመሥራት እጃችሁ ካልለመደ ተዉት።

የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት አካባቢ ነው፤ ለአብዛኞቹ ረዳት ካርዶች ይበዛል፤ ከዚህ ሌላ ያለበትን ችግር ወደ ታች እመለስበታለሁ። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ በ12 ቮልት መስመሩ ከአሥር አምፔር በላይ ይሰጣል፤ ያለ ፊውዝ ሰሌዳ ላይ የሚዘረጋ ነገር አይደለም። የስልክ ዩኤስቢ ቻርጀር ለ5 ቮልት ካርዶችና ለሰርቮዎች እጅግ ምቹ ነው። ከሱ 12 ቮልት ለማውጣት የሚሸጡት ትንንሽ ካርዶች ግን ያታልላሉ። ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለው የዩኤስቢ ስምምነት ያላቸው ቻርጀሮች፣ ማለትም ከመሣሪያው ጋር ተነጋግረው ቮልት የሚመርጡት፣ መደበኛ ደረጃዎቻቸው 5፣ 9፣ 15 እና 20 ቮልት ናቸው፤ 12 ግዴታ አይደለም። ቻርጀሩ 12 ከሌለው ካርዱ 9 ወይም 5 ይዞ ይመጣል፤ ሞተሩም እያዘገመ ይቆማል። ነገ ቻርጀሩን ለስልክ ወስዳችሁ ሌላ ስትሰኩ ደግሞ ውጤቱ ይለወጣል። ለቋሚ ሥራ አልመክረውም።

ሁለት አዳፕተር ሲገናኙ

ሰው ሁሉ አምፔር ላይ ሲከራከር የሚውለው፣ ብዙ ካርድ የሚበላው ግን ይሄኛው ነው። ለባቡሩ አንድ ፓወር ሳፕላይ፣ ለረዳቶቹ ሌላ፣ ኮምፒውተሩም በዩኤስቢ የተሰካ ከሆነ “ኔጌቲቮቹ የት ይገናኛሉ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ባለ ሁለት እግር አዳፕተር ውጤቱ ከግድግዳው ተነጥሏል። ባለ ሦስት እግሩ፣ በተለይ የላፕቶፕ ቻርጀርና የዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ ብዙ ጊዜ የዲሲው ኔጌቲቭ ከመሬት መስመር ጋር ተያይዟል። ሁለት እንዲህ ያሉ አዳፕተሮች ካሏችሁ እናንተ ሳታስሩት በግድግዳው በኩል ኔጌቲቮቻቸው ተገናኝተዋል። የዲሲሲ ቡስተር ደግሞ እያንዳንዱን ሐዲድ በየተራ ወደ ፖዘቲቭና ወደ ኔጌቲቭ ያገላብጣል። አንዱን ሐዲድ የረዳቱ አዳፕተር ኔጌቲቭ ላይ ካሰራችሁ፣ ለምሳሌ ባቡር መኖሩን የሚያሳውቀው ካርድ የጋራ መመለሻ ሽቦ ስለሚፈልግ፣ ያ ሐዲድ ፖዘቲቭ በሚሆንበት እያንዳንዱ ቅጽበት ቡስተሩ በመሬት መስመሩ በኩል ሾርት ነው። ሐዲዱ ላይ ምንም ባቡር ሳይኖር ቡስተሩ “ሾርት” እያለ የሚጮህበት እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

መፈተሽ ቀላል ነው። አዳፕተሩን ከግድግዳ ንቀሉ፣ ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማበት ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ በሦስተኛው እግር ሌላውን በመሰኪያው ውጫዊ ቀለበት ላይ አሳርፉ። ከጮኸ ተያይዟል፤ ለረዳትነት ሌላ ፈልጉ።

ቶርቶይዝን በአንድ ቀላል ማብሪያ ማጥፊያ ወዲህና ወዲያ ለማዞር ሁለት የ12 ቮልት አዳፕተሮችን በተከታታይ የሚያስሩ አሉ፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ተገናኝቶ የጋራ መስመር ይሆናል። ጥሩና ርካሽ ዘዴ ነው። የሚያስተማምነው ግን ሁለቱም ባለ ሁለት እግር ሲሆኑ ነው። ሁለቱም በመሬት የተያያዙ ከሆኑ አንደኛው አዳፕተር ገና ሲሰካ በራሱ ላይ ሾርት ይሆናል።

ባለ ሁለት እግሩም እንከን አለው። ሐዲዱን በክንድ ስትነኩ ቀለል ያለ ንዝረት ይሰማል፤ ውጤቱን ከመሬት አንጻር በቴስተር ስትለኩ ደግሞ ከግድግዳው ቮልት እስከ ግማሽ የሚደርስ ኤሲ ያሳያችኋል። አዳፕተሩ ውስጥ ረብሻ ለማጥፋት ከተቀመጠ ትንሽ ካፓሲተር የሚያልፍ ኢምንት ኃይል ነው፤ በጤነኛ አዳፕተር አይጎዳም። ንዝረቱ ቆንጠጥ የሚያደርግ ከሆነ ግን አዳፕተሩን ጣሉት።

5 ቮልት ከ12

አንድ የ12 ቮልት አዳፕተር ዘርግታችሁ 5 ቮልት የሚፈልጉትን በየቦታው ማውረድ ትችላላችሁ። እንደ 7805 ያለው የድሮ ማውረጃ የቀነሰውን ቮልት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ከ12 ወደ 5 ሲወርድ በ300 ሚሊአምፔር 2.1 ዋት ሙቀት ነው፣ ጣት ያቃጥላል። አርዱይኖ ኡኖ አር3 በሚባለው፣ ፕሮግራም በሚጻፍለት ትንሽ ካርድ ላይ ያለው ማውረጃም ይኸው ዓይነት ነው። መሰኪያው ከ7 እስከ 12 ቮልት ይመከርለታል፤ እኔ 9ን እመርጣለሁ፣ ሰርቮዎችን ግን በጭራሽ ከሱ አልመግብም። ለሰርቮና ለብዙ ኤልኢዲ ኤልኤም2596 ያለበትን ትንሽ ባክ ካርድ፣ ማለትም ብዙ ሙቀት ሳያወጣ ቮልት የሚያወርደውን፣ ግዙ። ወረቀቱ 3 አምፔር ቢልም ያለ ማቀዝቀዣ በ2 አምፔር አስቡት። ብሎኗን አዙራችሁ 5 ቮልት ላይ ያደረሳችሁት መሣሪያ ከማሰራችሁ በፊት መሆን አለበት፤ ከፋብሪካ ሲመጣ የት ላይ እንደተተወ አይታወቅም።

ዲሲሲ-ኢኤክስን፣ ማለትም በራስ እጅ የሚገጣጠመውን የዲሲሲ መቆጣጠሪያ፣ በአርዱይኖ ሜጋና ላዩ ላይ በሚሰካው የሞተር ሺልድ ካርድ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ይጠብቃቸዋል። ሺልዱ ላይ የሚገባው የሐዲዱ ቮልት “ቪን” በሚባለው እግር ወደ አርዱይኖም ይወርዳል። ለሐዲዱ 14 ወይም 15 ቮልት ልትሰጡ ካሰባችሁ ከሺልዱ ጀርባ ያለውን ያንን መስመር ቁረጡና አርዱይኖውን በራሱ አዳፕተር መግቡት።

ሽቦና ፊውዝ

0.35 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ በሜትር 0.05 ኦም ገደማ አለው። ካርዱ 10 ሜትር ርቆ ከሆነ ሄዶ መመለሱ 20 ሜትር፣ 1 ኦም ነው፤ 1 አምፔር ሲጎተት 1 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ12 ቮልት ይቻላል፣ በ5 ቮልት ግን ሰርቮው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ በ12 ቮልትና በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አስኬዱ፣ ወደ 5 የምታወርዱት ካርዱ አጠገብ ይሁን። ከዋናው መስመር ለሚወጣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የመኪና ፊውዝ፣ 1 ወይም 2 አምፔር፣ አስገቡ። አንዱ ቅርንጫፍ ሲበላሽ ሌላው ይቆያል፤ የትኛው እንደተበላሸም ፊውዙ ይነግራችኋል።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ

ዘመድ ከአሜሪካ የባቡር ስብስብ ሲልክ አዳፕተሩ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ብቻ ሊል ይችላል። ኢትዮጵያ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ያለው አዳፕተር ከተሰካ ጭሱን ለማየት ብዙ አትጠብቁም። ቮልት ማውረጃ መሀል ብታስገቡም 60 ኸርዝ ተብሎ የተሠራው በ50 ይበልጥ ይሞቃል። ባቡሩንና ዲኮደሩን ላኩ፣ አዳፕተሩን ተዉት፤ በምትኩ “100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ” የሚል ስዊቺንግ ይግዙ። መብራቱ ሲወርድና ሲወጣም ይህኛው ይቋቋማል። ጠፍቶ ሲመለስ ለሚመጣው ግፊት ግን ቤት ያለውን ስታቢላይዘር ወይም ነቅሎ የመጠበቅ ልማድ ይፈልጋል። በገልፍ አገሮችና በእንግሊዝ ያላችሁ ልዩነቱ የእግሩ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ሳውዲ 60 ኸርዝ ብትሆንም ስዊቺንጉ አይጨነቅም።

እንግዲህ እኔ ብሆን

ጠረጴዛ ላይ ለሚያርፍ፣ ስድስት ያህል ቶርቶይዝና ጥቂት ሲግናል ላለው ሌይአውት (የባቡር ሰሌዳ)፣ ባለ ሁለት እግር የ12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር ይበቃል። ሰርቮ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ የ5 ቮልት 3 አምፔር ዩኤስቢ ቻርጀር በቀጥታ ወደ ካርዱ፤ ባክ ካርድ አያስፈልግም። ክፍል ለሚሞላው፣ የተሸፈነ የ12 ቮልት 3 አምፔር አዳፕተር ሁለት፣ አንዱ ለምሥራቅ ሌላው ለምዕራብ በኩል፤ አንድ ባለ 6 አምፔር ከመግዛት ይህን እመርጣለሁ፣ አንዱ ሲሞት ግማሹ ይሠራልና። ባለ ኮይል መቀየሪያ ያለው ሰው የድሮውን 16 ቮልት ኤሲ ትራንስፎርመር ለኮይሎቹ ብቻ ያቆየው።